የአጋርን ሱት በፉክክር ጨረታ መደገፍ፦ 17 ኢምፕ ያስከፈሉ ሁለት ቦርዶች

ዳራ

ይህ ጉዳይ በቡድን ውድድር የሚጫወት አንድ የብሪጅ ጥንድ የገጠመው ነው። በዚህ ውድድር ያው እደላ (ቦርድ) በሁለት ጠረጴዛ ይጫወታል፤ የውጤቶቹ ልዩነትም በሰንጠረዥ ወደ ኢምፕ ይለወጣል። ሁለቱም ካርታ አጨዋወታቸው ጥሩ ነው፤ ኮንትራት (በጨረታ ያሸነፈውን የመጨረሻ ጥሪ) ሲይዙ ትሪክ (አራቱም አንድ አንድ ካርድ የሚጥሉበት ዙር) በከንቱ አይጥሉም፣ ሲከላከሉም በቀላሉ አይታለሉም። ስልታቸው በብዙ ቦታ የተለመደው ነው፦ 1 ኸርት ወይም 1 ስፔድ ለመክፈት ቢያንስ 5 ካርድ፣ 1 ኖ ትራምፕ (ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያሸንፍ የካርታ ዓይነት ወይም ሱት፣ የሌለበት ጥሪ) ለመክፈት ከ15 እስከ 17 ነጥብ። ነጥቡ አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ክዊን 2፣ ጃክ 1 እየተባለ ይቆጠራል። ተጋጣሚ ዝም ባለበት ጨረታ በደንብ ይግባባሉ። ተጋጣሚ መሃል ሲገባ ግን ውጤታቸው ይበላሻል፤ ይህንንም ለረጅም ጊዜ በዕድል ሲያመካኙ ቆይተዋል።

የአጋርን ሱት ስለ መደገፍ የነበራቸው ስምምነት አንድ መስመር ነበር፦ ነጥብ ሲያንስ 2፣ መካከለኛ ሲሆን 3፣ ሲበዛ 4 (ቁጥሩ የጥሪው ደረጃ ነው፤ 6 ሲጨመርበት ኮንትራቱ የሚጠይቀው ትሪክ ይሆናል)። ተጋጣሚ በማይናገርበት ጨረታ ይህ ያስኬዳል፤ ቀስ ብሎ ለመነጋገር ጊዜ አለ። በአንድ የውድድር ዙር የመጡ ሁለት ቦርዶች ግን የስምምነቱን ክፍተት ከሁለት ተቃራኒ ወገን አጋለጡት። በሁለቱም ጥንዱ የተቀመጠው ሰሜንና ደቡብ ነበር።

የመጀመሪያው ቦርድ፦ ትራምፕ የሞላው፣ ነጥብ የጎደለው እጅ

አዳዩ ደቡብ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ቫልነረብል (ጉርሻውም ቅጣቱም ከፍ የሚልባቸው) ናቸው፤ ሰሜንና ደቡብ አይደሉም።

ሰሜን፦ ስፔድ 7፤ ኸርት ኪንግ 9 8 6 2፤ ዳይመንድ ክዊን 9 5 2፤ ክለብ 10 8 5
ምሥራቅ፦ ስፔድ ኪንግ 10 6 2፤ ኸርት 3፤ ዳይመንድ ጃክ 10 4 3፤ ክለብ አስ ክዊን 7 3
ደቡብ፦ ስፔድ 9 5 3፤ ኸርት አስ ክዊን ጃክ 7 4፤ ዳይመንድ ኪንግ 8፤ ክለብ ኪንግ 6 2
ምዕራብ፦ ስፔድ አስ ክዊን ጃክ 8 4፤ ኸርት 10 5፤ ዳይመንድ አስ 7 6፤ ክለብ ጃክ 9 4

ደቡብ 1 ኸርት ከፈተ፤ ምዕራብ 1 ስፔድ ብሎ ገባ። ሰሜን ጥቂት አሰበና 2 ኸርት አለ። ምሥራቅ 3 ኸርት ጠራ፤ ይህ የተጋጣሚን ሱት መልሶ መጥራት፣ ማለትም ኪውቢድ ነው፤ "ስፔድህን እደግፋለሁ፣ እጄም ጥሩ ነው" ማለቱ ነው። ደቡብ ፓስ፣ ምዕራብ 4 ስፔድ፣ ከዚያ ሁሉም ፓስ።

ምዕራብ ያጣው 3 ትሪክ ብቻ ነው፦ የኸርት አስ፣ የክለብ ኪንግና አንድ ዳይመንድ። ክለቡ በመከላከያው በኩል 3 ለ3 ስለተከፈለ የምሥራቅ አራተኛ ክለብ አሸናፊ ሆነና ምዕራብ አንድ ዳይመንድ ጣለበት። 10 ትሪክ፣ 620 ነጥብ።

በሌላኛው ጠረጴዛ ያው የሰሜን እጅ የያዘው ተጫዋች ከ1 ስፔድ በኋላ በቀጥታ 4 ኸርት አለ። ምሥራቅ 10 ነጥብና 4 ስፔድ ይዞ በአንዴ 4 ደረጃ ላይ መወሰን ግድ ሆነበት፤ ደብል (ኮንትራቱ ቢጎድል ቅጣቱን፣ ቢሞላ ነጥቡን የሚያበዛ ጥሪ) አለ፣ ምዕራብም ተወው። አንድ ስፔድ፣ አንድ ዳይመንድና ሁለት ክለብ ጠፍቶ ኮንትራቱ በ1 ትሪክ ጎደለ፤ ቅጣቱ 100። በ620 እና በ100 መካከል ያለው 520 ነው፤ በኢምፕ ሰንጠረዥ 11።

ሰሜን ከጨዋታው በኋላ ያነሳው ጥያቄ "5 ነጥብ ይዤ እንዴት ብዬ 4 እላለሁ?" የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ነጥብ ውስጥ የለም።

ፈረንሳዊው ዣን ረኔ ቬርን እ.ኤ.አ. በ1969 ዘ ብሪጅ ወርልድ በተባለው መጽሔት ያሳተመው ሐሳብ መልሱን ይሰጣል። ሁለቱም ወገኖች እያንዳንዳቸው በተሻለ ትራምፓቸው ቢጫወቱ የሚያገኙት ትሪክ ሲደመር፣ ሁለቱ ወገኖች ካሏቸው ትራምፖች ድምር ጋር ይቀራረባል። በዚህ ቦርድ ሰሜንና ደቡብ 10 ኸርት አላቸው፣ ምሥራቅና ምዕራብ 9 ስፔድ፤ ድምሩ 19። ትሪኩም በስፔድ 10፣ በኸርት 9፣ በድምሩ 19 ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ልክክ አይልም፤ አንድ ወዲያ ወይም አንድ ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው።

ሰሜን የአራቱንም እጅ አያይም፣ ማየትም አያስፈልገውም። ደቡብ 5 ኸርት አለው፣ እሱ 5 አለው፤ 10 መሆኑ በመጀመሪያው ጥሪ ታውቋል። 3 ኸርት ብቻ የቀራቸው ተጋጣሚዎች በሌሎቹ ሦስት ሱቶች 23 ካርድ ስላላቸው ቢያንስ በአንዱ 8 መያዛቸው አይቀርም። የራሱ ነጠላ ስፔድና የምዕራብ ጥሪ ሲታከሉበት ደግሞ 9 ብሎ መገመት ከባድ አይደለም።

አሁን 19 ትሪክ በሦስት መንገድ ሊከፈል ይችላል። ተጋጣሚዎቹ 11 የሚያገኙ ከሆነ እኛ 8 አለን፤ 4 ኸርት ደብል ተብሎ በ2 ቢጎድል 300 ይከፈላል፣ እነሱ ግን 650 ያገኙ ነበር። እነሱ 10 እኛ 9 ከሆነ 100 በ620 ፋንታ ነው። እነሱ 9 እኛ 10 ከሆነ ደግሞ 4 ኸርት ይሞላል፣ 420። በሦስቱም 4 ኸርት የተሻለ ነው። ሰሜን ነጥቡ 5 ይሁን 8 ይህ ስሌት ብዙም አይነቃነቅም።

እርግጥ ነው፣ ልምድ ያለው ምሥራቅ ከ4 ኸርት በላይ 4 ስፔድ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ 620ው አይቀርም። ልዩነቱ እየገመተ ማለቱ ነው። 2 ኸርት ሲባል ግን ምሥራቅና ምዕራብ ሙሉ ደረጃ ተለቅቆላቸው ድጋፋቸውንም ጥንካሬያቸውንም በሰላም ተነጋገሩ።

ሁለተኛው ቦርድ፦ ነጥብ ሞልቶ ጥሪው የደበቀው እጅ

ማንም ቫልነረብል አይደለም። ምሥራቅ 1 ክለብ ከፈተ፣ ደቡብ 1 ስፔድ ብሎ ገባ፣ ምዕራብ 2 ክለብ ብሎ ደገፈ።

ሰሜን፦ ስፔድ ኪንግ ጃክ 4፤ ኸርት አስ 9 5 3፤ ዳይመንድ ኪንግ ክዊን 8 2፤ ክለብ 7 4
ደቡብ፦ ስፔድ አስ ክዊን 9 7 5፤ ኸርት ኪንግ ክዊን 6፤ ዳይመንድ ጃክ 10 3፤ ክለብ 9 6

ሰሜን 13 ነጥብ ይዞ 3 ስፔድ አለ፤ በእሱ ቤት "ጥሩ እጅ አለኝ፣ ከቻልክ 4 በል" ማለቱ ነበር። ደቡብ ደግሞ በፉክክር ውስጥ የሚደረግ ዝላይ (ደረጃ አልፎ መጥራት) ተጋጣሚን ለማገድ የሚጠራ ደካማ እጅ ነው ብሎ ፓስ አለ። የጠፋው ሁለት ክለብና የዳይመንድ አስ ብቻ፤ 10 ትሪክ፣ 170 ነጥብ። በሌላኛው ጠረጴዛ 4 ስፔድ ተጠርቶ 420 ተጻፈ። ልዩነቱ 250፣ ማለትም 6 ኢምፕ።

የችግሩ ሥር

ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ይመስላሉ፤ አንዱ ላይ በጣም ዝቅ ተብሏል፣ ሌላው ላይ በቂ አልተነገረም። ሥራቸው ግን አንድ ነው። የድጋፍ ጥሪ ለአጋር ሁለት ነገር መንገር አለበት፦ ስንት ትራምፕ እንዳለና እጁ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ። ጥንዱ ሁለቱንም በአንድ መሰላል ላይ ሊያሰፍር ሞከረ። ስለዚህ 3 ደረጃ ሲጠራ አንዱ ጥንካሬ ሲያነብ ሌላው ርዝመት ያነብ ነበር።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው፦ ዝላይ ስለ ርዝመት፣ ኪውቢድ ስለ ጥንካሬ ይናገር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ጥንዱ መጀመሪያ ያደረገው የቆዩ የውጤት ካርዶችን አውጥቶ፣ ሁለቱም ወገን የጠራባቸውንና የጋራ ትራምፕ የነበራቸውን ቦርዶች ለብቻ መለየት ነው። በጨዋታ የጠፋውንና በጨረታ የጠፋውን ሳይለዩ መወያየት ወደ መካሰስ ብቻ ይወስዳል።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። አጋር 1 ኸርት ከፍቶ ቀጣዩ ተጋጣሚ 1 ስፔድ ሲል የሚሠራው ክፍል ይህ ነው፦

2 ኸርት፦ 3 ትራምፕ፣ ከ6 እስከ 9 ነጥብ ገደማ።
3 ኸርት፦ 4 ትራምፕ፣ ደካማ እጅ፤ አጭር ሱት ቢኖር ይመረጣል።
4 ኸርት፦ 5 ትራምፕ፣ ደካማ እጅ፣ ነጠላ ካርድ ወይም ባዶ ሱት።
2 ስፔድ፣ ማለትም ኪውቢድ፦ ቢያንስ 3 ትራምፕ፣ 10 ነጥብና ከዚያ በላይ። በስፔድ ውስጥ ስላለው ካርድ ምንም አይናገርም።

ከኪውቢድ በኋላ ከፋቹ ዝቅተኛ እጅ ካለው ወደ 3 ኸርት ይመለሳል፤ ትርፍ ካለው 4 ኸርት ይላል። አጋር ኦቨርኮል አድርጎ (ተጋጣሚ ከከፈተ በኋላ የራሱን ሱት ጠርቶ) ሲገባም አካሄዱ ያው ነው፤ በሁለተኛው ቦርድ ሰሜን 3 ክለብ ቢል ደቡብ 12 ነጥቡን ይዞ ያለ ችግር 4 ስፔድ ይደርስ ነበር።

ተጋጣሚው በሱት ፋንታ ደብል ብሎ ሲገባ የሚመለስበት ሱት ስለሌለ ኪውቢድ አይኖርም። ለዚያ ብዙዎች ጆርዳን ወይም ትረስኮት የሚሉትን ወሰዱ፦ 2 ኖ ትራምፕ 4 ትራምፕና 10 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ያሳያል፤ ዝላዩ እንደ ሌላው ጊዜ ደካማ ይሆናል።

ሦስተኛው ልምምድ ነው። ካርታን ዝም ብሎ በውዞ ማደል ለዚህ አይረዳም፤ የሚፈለገው ዓይነት እጅ እስኪመጣ ምሽቱ ያልቃል። ስለዚህ ከካርታው ላይ 9 ኸርት አውጥተው 5ቱን ለደቡብ፣ 4ቱን ለሰሜን ሰጡ፤ የቀሩትን 43 ካርዶች በውዘው ለደቡብ 8፣ ለሰሜን 9፣ ለምሥራቅና ለምዕራብ 13 13 አደሉ። ደቡብ ለመክፈት የሚበቃ ነጥብ ካልደረሰው 43ቱን ብቻ መልሰው በወዙ። ከእያንዳንዱ ጨረታ በኋላ አራቱንም እጅ ገልጠው የሁለቱን ወገን ትራምፕ ይደምራሉ፣ ትሪኩንም ይቆጥራሉ። ከንባብ ይልቅ ይህ ቆጠራ ነው ዓይን የሚከፍተው።

የሠራው

ፈጣኑ ለውጥ የታየው በኪውቢዱ ነው። "ጥሩ እጅ" የሚባለው ሁሉ በአንድ ጥሪ ስለሚሄድ ዝላዩ ያለ ጥርጣሬ ደካማ ሆነ፤ ደቡብም ከዝላይ በኋላ ፓስ ማለት አላሳሰበውም። ጠቀሜታው ቦርድ ላይ ከሚታየው ይሰፋል፦ ተጋጣሚ 4 ደረጃ ሲገባ ደቡብ ደብል ይበል ወይስ ይተው የሚለውን የሚወስነው የአጋሩን ትራምፕ ቁጥር አውቆ ነው።

የጊዜው ነገርም ተስተካክሏል። በመጀመሪያው ቦርድ ሰሜን ከ2 ኸርት በፊት ማሰቡ ጥቂት ነጥብ ከረጅም ትራምፕ ጋር እንደሚታገልበት ለጠረጴዛው ሁሉ ነግሮ ነበር። የዱፕሊኬት ብሪጅ ሕግ አንቀጽ 16 ደቡብ ከአጋሩ ማመንታት ያገኘውን መረጃ እንዳይጠቀም ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ማሰቡ አጋርን ከመጥቀም ይልቅ ያስረዋል። ለ5 ትራምፕ የተዘጋጀ ጥሪ ሲኖር ማመንታቱ በራሱ ጠፋ።

ያልሠራው

የትራምፕ ቆጠራውን እንደ ማሽን መውሰድ ዋጋ አስከፍሏል። ጥንዱ ቫልነረብል ሆኖ፣ ተጋጣሚ ሳይሆን፣ ደቡብ 1 ኸርት ከፈተ፣ ምዕራብ 1 ስፔድ አለ። ሰሜን የያዘው ስፔድ ክዊን ጃክ 5፤ ኸርት 9 7 4 2፤ ዳይመንድ ክዊን 8 3፤ ክለብ ጃክ 6 4 ነው። 4 ትራምፕ ስላለው 3 ኸርት አለ። ምዕራብ ደብል፣ ምሥራቅ ፓስ፤ በ2 ትሪክ ጎደለ፣ 500። በሌላው ጠረጴዛ 2 ኸርት ተጠርቶ በ1 ጎደለ፣ 100። 9 ኢምፕ ሄደ።

እዚህ የተሳተው ነገር ብዙ ነው። ደቡብም 3 ስፔድ ስለነበረው ተጋጣሚዎቹ 7 ስፔድ ብቻ ነበራቸው፤ የኸርትና የስፔድ ድምር 16 እንጂ በሰሜን ግምት እንደነበረው 18 አይደለም። የሰሜን እጅ 4-3-3-3 (አንዱ ሱት 4፣ ሌሎቹ ሦስቱ 3 3 ካርድ) ስለሆነ የሚቆርጥበት አጭር ሱት የለውም። የስፔድ ክዊንና ጃክ ደግሞ ስንከላከል ትሪክ ሊሰጡ ይችላሉ እንጂ ኸርት ስንጫወት የሚረቡ አይደሉም። ከዚህ በኋላ ስምምነቱ ላይ አንድ መስመር ታከለ፦ ቫልነረብል ሆኖ 4-3-3-3 ከሆነ፣ ወይም ክዊንና ጃክ በተጋጣሚ ሱት ውስጥ ካሉ፣ 4 ትራምፕም ቢኖር 2 ደረጃ ይበቃል።

ሌላው ያልተሳካው የድጋፍ ደብል ነው። ይህ የኤሪክ ሮድዌል ፈጠራ ጥሩ መሣሪያ ነው፦ ደቡብ 1 ክለብ ከፍቶ፣ ሰሜን 1 ኸርት ብሎ፣ ምሥራቅ 1 ስፔድ ሲገባ ደቡብ ደብል ካለ ልክ 3 ኸርት አለው፤ 2 ኸርት ካለ 4። ጥንዱ ይህን ከላይ ካለው ገጽ ጋር በአንድ ሰሞን ጨመረው። ሰሜን ረሳና ደብሉን የቅጣት አድርጎ ፓስ አለ፤ ምሥራቅ ቫልነረብል ሳይሆን 1 ስፔድ ደብሉን ሞልቶ 160 ወሰደ። ጥሪው ላይ ስሕተት የለም፤ የገባበት ጊዜ ነው የከፋው። ለጊዜው ከስምምነቱ ወጣና ዋናዎቹ ጥሪዎች ከተለመዱ በኋላ ተመለሰ።

ለሌላ ጥንድ የሚተርፈው

የድጋፍ ጥሪ ሲወሰን ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ትራምፕ መቁጠር፣ ቀጥሎ እጁ 10 ነጥብ ይደርሳል አይደርስም ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ቅርጹንና ቫልነረብልነቱን ማየት። ብዙ ተጫዋች ነጥቡን አስቀድሞ ይቆጥርና 5 ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። 8 ትራምፕ ለ2 ደረጃ፣ 9 ለ3፣ 10 ለ4 የሚለው መነሻ ነው፤ ከዚያ ነጠላ ካርድ ወይም ባዶ ሱት ወደ ላይ፣ 4-3-3-3 ወደ ታች ይስበዋል።

ስምምነቱ ለተጋጣሚም ክፍት መሆን አለበት። ዝላዩ ደካማ፣ ኪውቢዱ ጠንካራ መሆኑ በኮንቬንሽን ካርዱ (የጥንዱ ስምምነት በሚሰፍርበት ቅጽ) ላይ ይጻፍ፤ ሲጠየቅም ሙሉ መልስ ይሰጥ።

ትኩረት የሚሻው ቦታ ግን ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ያለው ነው። 4 ኸርት ያለ ሰሜን እጁን ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል፤ ተጋጣሚ 4 ስፔድ ሲል ተመልሶ 5 ኸርት የማለት መብት የለውም። ውሳኔው የደቡብ ነው፤ የሁለቱንም እጅ የሚገምት እሱ ነውና። የደቡብ ስሌት የሚንጠለጠለው በቫልነረብልነት ላይ ነው። በመጀመሪያው ቦርድ 4 ስፔድ የሚሞላ ከሆነ 5 ኸርት ደብል ተብሎ በ2 ሲጎድል 300 ነው፤ ከ620 ጋር ሲታይ 320 ይተርፋል። 4 ስፔድ በ1 የሚጎድል ከነበረ ግን 100 በማግኘት ፋንታ 100 ተከፍሎ 200 ይጠፋል። ለመሞከር የሚያበቃ ልዩነት ነው። ሁለቱም ወገን ቫልነረብል ከሆኑ ያው መስዋዕት 500 ያስከፍላል፤ ትርፉ 120 ብቻ ሲሆን ግምቱ ከተሳተ የሚጠፋው 300 ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ደቡብ ፓስ ብሎ 4 ስፔዱን መከላከል አለበት።